ሲነጋ እንሂድ ያሉ ሰዎች

በዓመት ሁለት ሦስቴ ከማላውቀው ቁጥር ይደወልልኛል። አዲስ የተመረቀ ነርስ ወይም ጤና መኮንን ነው። «ሲስተር፣ ስደተኛ መጠለያ ልመደብ ነው። ምን ይዤ ልሂድ?» ይለኛል። «ባትሪ» እለዋለሁ። ለስልኩ ይመስለዋል። «የእጅ ባትሪ ነው የምልህ፤ በድንጋይ የሚሠራውን።» ይስቃል። የምቀልድ ይመስለዋል። ነገሩ በስልክ አያልቅምና እዚህ ልጻፈው።

ካርቱም ላይ ጦርነቱ የፈነዳው ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። ለእኛ ቅዳሜ ሹር ነበር። ጎንደር እናቴ ቤት፣ ቀጤማ አናታችን ላይ እንዳሰርን ወሬውን ሰማን። ለእነሱ ረመዳን ሊያልቅ ሳምንት አልቀረውም። ብዙም ሳይቆይ መተማ ዮሐንስ ሰው በሰው ሆነች። ሱዳናውያን መጡ። ካርቱም ዕድሜያቸውን የገፉ የእኛ ሰዎች መጡ። ኤርትራውያን መጡ። ፓስፖርታቸውን ከፍ አድርገው የያዙ የሩቅ አገር ሰዎችም ነበሩ።

እኔ ወደ ኩመር የወረድኩት ሐምሌ ላይ ነው። ኩመር ከጠረፉ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ገባ ብሎ የተከፈተ መጠለያ ነበር። ጎንደር በሐምሌ ጋቢ ያስደርባል፤ ቆላው ግን በዝናብም ያልባል። መሬቱ ዋልካ ነው። ሲርስ ጫማ ከእግር ይነጥቃል፤ ሲደርቅ ክንድ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። ይህን ዋልካ አስታውሱልኝ፤ እመለስበታለሁ።

የመጀመሪያው ስህተቴ ጭንቅላቴ ውስጥ ይዤው የሄድኩት «ስደተኛ» ነበር። የከሳ ሕፃን የታቀፈች የገጠር እናት ነበር የጠበቅኩት። እሷም አልጠፋችም። ግን በመጀመሪያው ሳምንት ፊቴ የተቀመጡት ብዙዎቹ የከተማ ሰዎች ነበሩ። የሒሳብ መምህር፣ ፋርማሲስት፣ የባንክ ሠራተኛ። ሕመማቸውም የከተማ ነው፤ ስኳር፣ ደም ግፊት፣ አስም። የኛ መድኃኒት ሣጥን ደግሞ በወባ መድኃኒትና በአንቲባዮቲክ የታጨቀ ነው። አንዲት እናት ቶብ የሚሉትን ገላቸው ላይ የሚጠቀልሉትን ጨርቅ ጫፍ ፈትተው ባዶ የኢንሱሊን ብልቃጥ አሳዩኝ። «ይህን ፈልጊልኝ፤ ማስቀመጫውን እኔ አውቅበታለሁ» አሉኝ። በኋላ ከገንዳውኃ ከተማ አስመጣንላቸው። ድንኳናቸው ስገባ ሁለት የሸክላ ማሰሮ አንዱን አንዱ ውስጥ ከትተው፣ መሐሉን እርጥብ አሸዋ ሞልተው፣ ላዩን በእርጥብ ጨርቅ ሸፍነው አየሁ። ሱዳኖች ውሃ የሚያቀዘቅዙበት ዚር የሚባል ትልቅ እንስራ አላቸው፤ ዘዴው ያው ነው። ሸክላው እያላበው ውስጡን ያቀዘቅዛል። ፍሪጅ አይሆንም፤ ግን ከ40 ዲግሪ ሙቀት ኢንሱሊን ያተርፋል። ስለዚህ ከመሄዳችሁ በፊት የመድኃኒቱን ዝርዝር ጠይቁ። የስኳርና የግፊት መድኃኒት ከሌለበት ወዲያው ተናገሩ። ሰው ከጥይት አምልጦ በስኳር ሲሞት ማየት ያንገበግባል።

ወደ ውሃው ልምጣ።

በመጽሐፉ መለኪያው በቀን ለአንድ ሰው 15 ሊትር ነው። አንድ ጀሪካን እንኳ አይሞላም፤ መጠጡም፣ ማብሰያውም፣ ገላውም፣ ልብሱም ከዚያው ነው። በሪፖርት ላይ ቁጥሩ ደህና ይመስል ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ግን ቦኖው ጥግ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ዋልኩ። አንዲት የስድስት ልጆች እናት ባለ 20 ሊትር ሁለት ጀሪካን ይዛ ሁለት ጊዜ ቀዳች። ሦስተኛ ስትመለስ ሮቶው ደርቆ ነበር። ባሏን ሳልቆጥረው 80 ሊትር ለሰባት ነፍስ፤ 11 ሊትር ተኩል እንኳ አይደርስም። እሷ ደግሞ ጉልበት ያላት ናት። የውሃ ነገር የሚታወቀው ወረፋው አጠገብ ነው፤ ቢሮ ውስጥ አይደለም።

ሐምሌ 28 በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ፖለቲካውን ለሌላ ሰው ልተወው። መንገድ ሲዘጋ መጀመሪያ የሚቀረው ቦቴው ነው፤ ቀጥሎ የጄኔሬተር ነዳጁ፤ ቀጥሎ ሳሙናው። የእርዳታ እህሉም ከሰኔ ጀምሮ በመላ አገሪቱ ተቋርጦ ነበር። እህል ተሰርቋል ተብሎ ነው የቆመው፤ ለስደተኞች እንደገና መታደል የጀመረው መስከረም መጨረሻ ላይ ነው። የተራበ ሰው ሳሙናውን ይሸጣል። አልፈርድበትም፤ እኔም እሸጠው ነበር። ቦኖው ሲደርቅ ደግሞ ሴቶቹ ጀሪካናቸውን ይዘው ወደ ጅረቱ ወረዱ።

ዋልካው እዚህ ጋ ነው የሚመጣው። በቀይ አፈር የተቆፈረ ሽንት ቤት ክረምት ይችላል። ዋልካ አይችልም። ጉድጓዱ ውሃ ይሞላል፣ ጠርዙ ይናዳል፣ ሞልቶ ይፈስሳል። የሚፈስሰው ቁልቁል ነው፤ ቁልቁል ያለው ደግሞ ጅረቱ ነው። በችግር ጊዜ ለ50 ሰው ቢያንስ አንድ ሽንት ቤት፣ ሲረጋጋ ለ20 ሰው አንድ ይባላል። ቁጥሩን ከማየታችሁ በፊት ግን ሌሊት ሂዱና እዩት። መብራት አለው? በሩ ይቆለፋል? ከድንኳኑ ምን ያህል ይርቃል? ሴቶቹ ከመሸ አይሄዱበትም ነበር። ጅብ አለ፣ የማይታወቅ ሰው አለ፣ ጭቃ አለ። ወይ ከድንኳን ጀርባ ይጠቀማሉ፣ ወይ እስኪነጋ ይይዙታል።

ነሐሴ ውስጥ ነው። አንድ ቀን ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ አንድ ሰው በብርድ ልብስ ተሸክመው አመጡ። አርባ ዓመት አይሞላውም። ዓይኑ ጎድጉዷል። ድምፁ ጠፍቷል፤ ከንፈሩን ብቻ ያንቀሳቅሳል። የሆዱን ቆዳ ቆንጥጬ ስለቅቀው እንደተቆነጠጠ ቀረ። ጣቶቹ ልብስ ስታጥብ የዋለች ሴት ጣት መስለዋል። ክንዱ ላይ የደም ምቱን ፈለግኩ፤ የለም። ብርድ ልብሱን ያረጠበው ሽታው ከሰገራ አይቆጠርም፤ ሩዝ የታጠበበት ውሃ ይመስላል። ይህን አንዴ ያየ ነርስ ሌላ ጊዜ ላቦራቶሪ አይጠብቅም፤ ኮሌራ ነው።

«መቼ ጀመረው?» አልኩ። ማታ 3 ሰዓት። ዘጠኝ ሰዓት ሙሉ! ድንኳናቸው ከኛ የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው። «ታዲያ ለምን ያኔውኑ አላመጣችሁትም?» ሚስቱ መሬት መሬት እያየች አንድ ነገር አለች። አስተርጓሚዋ መለሰችልኝ፦ «ሲነጋ እንሂድ ተባባልን።»

በሁለቱም ክንዱ በደም ሥሩ ፈሳሽ ከፈትንለት። ከባድ ድርቀት ሲሆን ለአዋቂ በሦስት ሰዓት ውስጥ በኪሎ 100 ሚሊ ሊትር ነው፤ ለ50 ኪሎ ሰው 5 ሊትር ይገባለታል ማለት ነው። የመጀመሪያው ሦስተኛ ገደማ በግማሽ ሰዓት ይገባል። አንድ ነገር ልጨምር። ሰዉ ሁሉንም «ጉሉኮስ» ይለዋል፤ እኛም አብረን እንላለን። ኮሌራ የሚፈልገው ሪንገር ላክቴት ነው። እውነተኛው ጉሉኮስ፣ ስኳርና ውሃ ብቻ የሆነው፣ የወጣውን ጨው አይመልስም። መጋዘን ስትረከቡ የከረጢቱን ጽሑፍ አንብቡ፤ «ጉሉኮስ ሞልቷል» ሲሏችሁ አትመኑ።

እኩለ ቀን ላይ ሰውየው ሻይ ጠየቀ። ስኳር እንዲበዛበት አዘዘ። ሳቅን።

ጎረቤቱ ግን አልተረፉም። አሮጊት ናቸው፤ እሳቸውም ሌሊቱን ሲጠብቁ ነው ያደሩት። እኛ ጋ ሲደርሱ ከሸክሙ ማውረድ ብቻ ነበር የቀረን።

ኮሌራ በጊዜ ከታከመ ከመቶ አንድ ሰው እንኳ አይገድልም። የሚገድለው መዘግየቱ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የመጣውን ሁሉ «ምን አዘገየህ?» ብዬ መጠየቅ ጀመርኩ። በመዝገቡ ዳርቻ በእርሳስ እጽፈዋለሁ። ጨለማ የሚለው በዛ። ሁለተኛው ማፈር ነው፤ በመንገድ ላይ ቢያመልጠኝስ ማለት። ሦስተኛውን አልጠበቅኩትም። ታሞ የገባ ሰው ለብቻ ተዘግቶበት ከቤተሰቡ ይለያል የሚል ወሬ ነበር። ወሬው ደግሞ ውሸት አልነበረም። ግቢውን በገመድ አጥረን ሰው አናስገባም ነበር። ለምን እንደሆነ ግን ማንም አልነገራቸውም።

ስሙም ጣጣ ነበረው። እኛ አገር ለዓመታት ኮሌራን ኮሌራ ማለት ነውር ሆኖ «አተት» ሲባል ኖሯል፤ አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት። ሱዳንም በተራዋ «ኢስሃላት ማኢያ»፣ የውሃ ተቅማጥ፣ ትለው ነበር። ሁለት መንግሥታት ከአንድ ቦታ የኮረጁ ይመስላሉ። ድንኳን ለድንኳን እየዞርን «ኢስሃል ያለበት አለ?» ስንል ሁሉም «የለም» ይላል። ኢስሃል ማለት ለእነሱ ተራ ተቅማጥ ነው፤ እሱ ደግሞ ሁሌም አለ፤ ምኑ ይወራል? አስተርጓሚያችን ናት የገባት። ካርቱም ዴም ሰፈር ሻይ ስትሸጥ የኖረች የጎንደር ልጅ ናት። ጦርነቱ መልሷት ገንዳውኃ ዘመድ ተጠግታ ነበር። «ሲስተር፣ እንደሱ አይጠየቅም» አለችኝ። «ከትናንት ወዲህ ልብስ ደጋግማችሁ ያጠባችሁ አላችሁ? በያቸው።» በመጀመሪያው ቀን አራት ሰው አገኘን።

እሷን የመሰለ ሰው ሳትይዙ ሥራ አትጀምሩ። ዐረብኛ የሚችል አይበቃም። የሻይ ሴት ሁሉንም ታውቃለች፤ ማን ከማን እንደተጣላ፣ ማን ሲያመው እንደሚደብቅ። እሷ ሽማግሌዎቹን «ያ ሐጅ» እያለች ቁጭ ብላ ሻይ ስትቀዳ የሚነገራት፣ እኔ ጃኬት ለብሼ ቅጽ ይዤ ብቆም በሳምንት አይነገረኝም።

ቀጥሎ ያስቸገረን የውሃው ምርመራ ነው። ከሮቶው የቀዳነው ውሃ ውስጥ የመመርመሪያ ክኒኗን ስንጨምር ጥሩ ሮዝ ይሆናል፤ ክሎሪን አለ ማለት ነው። ውሃው ደህና ከሆነ በሽታው ከየት ይመጣል? ሁሉም ጣቱን ወደ ጅረቱ ቀሰረ። ጅረቱ ድርሻ አለው። ግን አንድ ማታ የመመርመሪያውን ቱቦ ይዤ ድንኳን ገባሁ። ያው ጠዋት ከቦኖው የተቀዳ ውሃ ነው። ክኒኗን ጣልኩ፣ ነቀነቅኩ፣ ጠበቅኩ። ምንም። እንደ ብርጭቆ ጥርት ያለ ነው። ውሃው ያለው አፉ ሰፊ ባልዲ ውስጥ ነው። ባልዲው ላይ ኩዝ የሚሉት ጣሳ ተንጠልጥሏል። የሚጠማው ሁሉ፣ ልጁም፣ እንግዳውም፣ ከሽንት ቤት የተመለሰውም ኩዙን አንስቶ እስከ አንጓው ይነክራል።

በማግስቱ ስለ ጀርም ማስተማር ትተን ሁለቱን ቱቦ አሳየን። ሮዙንና ነጩን። ሌላ ንግግር አላስፈለገም። ከዚያ የመጠጥ ውሃ በጀሪካን ብቻ፣ መቅዳት በማዘንበል ብቻ ሆነ። የጀሪካኑ ውስጥ አረንጓዴ ሲይዝ ጥቂት ጠጠር፣ ትንሽ ውሃና ክሎሪን ጨምሮ መናጥ ነው፤ ያጠራዋል። ውሃ አጋር ወይም የክሎሪን ክኒን ሲገኝ ማታም መጨመር። ኩዙ ግን ቀላል አልነበረም። የእንግዳ ክብር ነው። አንድ ሽማግሌ «እንግዳዬን በጀሪካን አፍ ላጠጣው?» ብለው ተቆጡ። ኩዙ ቀረላቸው፤ ከጀሪካን እየተንቆረቆረበት።

አሁን ባትሪው። በመጠለያው ዳር ካለችው የኛ ጣቢያ ሌላ በየሰፈሩ የመጠጫ ቦታ ይከፈት አልን። ጠረጴዛ፣ ክዳን ያለው ጀሪካን፣ ኦአርኤስ (በውሃ ተበጥብጦ የሚጠጣው የተቅማጥ ዱቄት)፣ ስኒ፣ ሳሙና። የሚጠብቁት እዚያው የሚኖሩ ሴቶች ናቸው። ሌሊት የታመመ ሰው አሥር ደቂቃ ከመሄድ አሥር እርምጃ ይሄዳል። ለእያንዳንዱ ቦታ አንድ ባትሪ ጠየቅን። ስንት ካርቶን ጓንት ሲመጣ አምስት ባትሪ ለማግኘት ያየነው ፍዳ! በመጨረሻ ከኪሳችን አዋጥተን ከገንዳውኃ ገበያ ገዛን። ባትሪዋን የያዘችው ሴት ጎረቤቷን ሽንት ቤት ታደርሳለች፤ የባሰበትን ደግሞ እስከኛ ድረስ መንገድ እየመራች ታመጣለች። በሳምንቱ በእርሳስ የምጽፈው «ጨለማ» የሚለው ቃል ቀነሰ።

ስለ ኦአርኤስ ሁሉም የሚያውቅ ይመስለዋል፤ ስለዚህ በዝርዝር ልበለው። አንድ ፓኬት ለአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ነው። ለሁለት ቀን ይበቃኛል ብሎ መቆጠብ የለም፤ 24 ሰዓት ካለፈው ይደፋል። ፓኬት ከሌለ በአንድ ሊትር ውሃ ስድስት ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው። ልሙጥ ያልኩት ለምክንያት ነው፤ የተቆለለ ጨው ሕፃን ይጎዳል። በእያንዳንዱ ተቅማጥ ልክ መጠጣት ነው። ከሁለት ዓመት በታች ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር፣ ከዚያ በላይ ላለ ልጅ ከ100 እስከ 200፣ አዋቂ የቻለውን ያህል። ካስመለሰው አሥር ደቂቃ ጠብቆ በማንኪያ በዝግታ መቀጠል። ጡት አይቋረጥም። ሰው ግን ፈሳሹን ንቆ ክኒን ይፈልጋል። ፍላጅል ለኮሌራ አይሠራም፤ ስንት ሰው ፍላጅል ውጦ ውሎ አድሮ እንደመጣ እኔ ነኝ የማውቀው። ክትባቱም በአፍ የሚሰጥ ነው። ሁለት ጊዜ ይሰጥ የነበረው በዓለም እጥረት ስለተፈጠረ ከጥቅምት 2015 ወዲህ በወረርሽኝ ጊዜ አንዴ ብቻ ነው። ይረዳል፤ ሽንት ቤት አይተካም።

ለቅሶው ከሁሉ ከበደኝ። በኮሌራ የሞተ ሰው አስከሬን ያስተላልፋል። እስልምና ደግሞ አስከሬን ይታጠብ ይላል። አንድ የሥራ ባልደረባዬ «በፕላስቲክ ጠቅልለን እንቅበር» ሲል ድንጋይ ሊያስነሳብን ነበር። መጠለያው ውስጥ ወዳሉ አንድ ሼክ ሄድን። አዳመጡንና «እናንተ ክሎሪኑን አምጡ፣ ማጠቡን ለእኛ ተዉት» አሉን። ጓንት ያደረጉ ሁለት ሰዎች ብቻ በክሎሪን ውሃ አጠቡ፤ አስከሬኑ በከፈን ተገነዘ፤ ጸሎቱ ደረሰ፤ በዚያው ቀን ተቀበረ። ለቅሶተኛው በአንድ ትልቅ ሰሃን ዙሪያ በእጅ የሚበላውን ምግብም ያቆሙት እሳቸው ናቸው። እኔ ብለው ኖሮ ማን ይሰማኝ ነበር?

ሌላውን በአጭሩ። ኩፍኝን ድንበሩ ላይ ያዙት፤ ሕፃናት መጠለያ ከመግባታቸው በፊት ይከተቡ። ሸራ ለሸራ ተጣብቆ በሚተኛ ሕዝብ ውስጥ ከገባ አይያዝም። ወባ ክረምቱ ሲወጣ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር ይበረታል፤ አጎበር ሲታደል ተከታተሉ፤ የዓሣ መረብና የበር መጋረጃ ሆኖ አይቻለሁ። ካላዛርን አትርሱ። መተማና ሑመራ የታወቀ ቤቱ ነው። የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ የዋልካውን ስንጥቅና የግራር ሥር ትወዳለች። ሁለት ሳምንት ያለፈው ትኩሳት፣ ያበጠ ጣፊያ፣ የሚከሳ ሰው ካያችሁ፣ ወባው «የለም» ከተባለ ወደ ጎንደር ላኩት፤ ዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል ለዚሁ የቆመ ማዕከል አለው።

ከጅዳም ከዋሽንግተንም የሚደውሉልኝ አሉ። «ልብስ ሰብስበናል፤ በማን እንላክ?» ይላሉ። እግዚአብሔር ይስጣቸው። ግን ልብሱ ሲደርስ ከነማጓጓዣው የሳሙናውን ሦስት እጥፍ ያወጣል። ግማሹ የብርድ ነው። እዚህ የሚገዛ ነገር እዚህ ይገዛ፤ ሳሙና፣ ጀሪካን ከነክዳኑ፣ የሴቶች ንጽሕና መጠበቂያ። የገንዳውኃ ነጋዴም ይጠቀማል። እሱም እኮ እነዚህን ሰዎች ቤቱ ያሳደረ ነው።

ኩመር አሁን የለም። ጸጥታው አላስቀምጥ ብሎ በ2016 ኩመርም አውላላ የሚባለው ሌላው መጠለያም ተዘጉ፤ ሰዎቹ ወደ ሌላ ቦታ ተዛወሩ። እኔ ቀደም ብዬ ነው የወጣሁት። የወጣሁ ዕለት ባትሪዬን እዚያ ሻይ ወዳድ ሰውዬ ቤት ተውኩት። ሚስቱ የሰፈራቸው መጠጫ ቦታ ጠባቂ ሆና ነበር። አብርታ አጠፋችው፤ መልሳ አበራችው። ከዚያ ኋላውን ከፍታ ወደኔ አዘነበለችውና በምታውቃት ትንሽ አማርኛ «ድንጋዩስ?» አለችኝ።

ትርፍ አልያዝኩም ነበር። ስለዚህ አሁን ለሚደውልልኝ ሁሉ ባትሪ ብቻ አልልም። ባትሪና አሥር ጥንድ ድንጋይ።